መጀመሪያ ችሎት ግቡ፦ ለአዲስ የሕግ ተማሪዎች የሥራ ዕቅድ መመሪያ

«ዳኛ ነው ወይስ ጠበቃ የምትሆነው?» ይህ ጥያቄ የሕግ ተማሪን ከመጀመሪያው የዕረፍት ጊዜ ጀምሮ አይለቀውም። ጠያቂዎቹ አጎትና አክስት፣ የሰፈር ሽማግሌ፣ አንዳንዴም ታክሲ ውስጥ አጠገብ የተቀመጠ ሰው ናቸው፤ ክፋት የለባቸውም። ጥያቄው ግን በሕግ ዲግሪ የሚሠራው ሥራ ሁለት ብቻ ያስመስላል። ከዚያም አልፎ ሥራውን በዓይኑ ያላየ ልጅ እንዲመርጥ ያጣድፋል። ስለዚህ ብዙ ተማሪ አንደኛ ዓመት ላይ «ጠበቃ» ብሎ ይመልስና የጠበቃን ውሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው ሊመረቅ ሲል፣ ኤክስተርንሺፕ (የመሥሪያ ቤት የተግባር ልምምድ) ሲወጣ ነው። ያኔ ሐሳብ ለመቀየር ጊዜው አጭር ነው።

የእኔ ምክር መልሱን አዘግዩ፣ ማየቱን አስቀድሙ ነው። በየዓመቱ ደግሞ ሌላ ሰው አንብቦ ሊመዝነው የሚችል፣ በራሳችሁ እጅ የተጻፈ አንድ ነገር ይኑራችሁ። ምክሩ ሕግን ፈልጋችሁ የገባችሁትንም ምደባ ያመጣችሁንም እኩል ይመለከታል። እንዲያውም በምደባ የገባ ተማሪ ቀድሞ ያሳመረው ሕልም ስለሌለው የሚያየውን እንዳለ ያያል ባይ ነኝ።

የገዛ ሙያችሁን ሕግ አንብቡ

ስለ ጥብቅና ፈቃድ ዶርም ውስጥ ከሚወራው ብዙው ያለፈበት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ከሰው አፍ መስማቱን ትታችሁ ሕጉን ፈልጎ ማንበብ ይሁን። በፌዴራል ደረጃ ጥብቅናን የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፤ ከሱ በፊት የነበረው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ነበር። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለእናንተ ቀላል አይደለም። በአሮጌው ሕግ ጠበቃ ፈቃድ የሚያወጣውም የሚሠራውም በግሉ ነበር። አዲሱ ጠበቆች ተሰባስበው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ፈቅዷል፣ የፌዴራል ጠበቆች ማኅበርንም በሕግ አቋቁሟል። ለጀማሪ ይህ ማለት በድርጅት ውስጥ ተቀጥሮ፣ ከአንጋፋዎች ሥር ሆኖ የሚያድግበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

አዋጁን ከነጋሪት ጋዜጣ አውጡና የአማርኛውን ዓምድ አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በፌዴራል ሕግ ሁለቱ ዓምዶች ሲለያዩ የሚጸናው አማርኛው ነው። ከዚያ ለእነዚህ ጥያቄዎች በአንድ ገጽ መልስ ጻፉ፦ ፈቃዱን የሚሰጠው ማን ነው? ከምረቃ በኋላ ምን ያህልና ምን ዓይነት የሥራ ልምድ ይጠይቃል? ፈተናው እንዴት ነው? ከጥብቅና ጋር ደርቦ መሥራት የማይፈቀደው ሥራ የቱ ነው? ነጻ አገልግሎትና ተከታታይ የሕግ ሥልጠናስ? እያንዳንዱን መልስ ከአንቀጽ ቁጥሩ ጋር አስፍሩ። አዋጁን ተከትሎ የወጣ ደንብ ወይም መመሪያ መኖሩንም አጣሩ። ክልል ውስጥ ልትሠሩ የምታስቡ ከሆነ ደግሞ ክልሎች የየራሳቸው የፈቃድ ሕግ ስላላቸው የክልላችሁን አግኙ።

ይህ አንድ ገጽ ሁለት ጥቅም አለው። ስለ ወደፊታችሁ ትክክለኛ መረጃ ትይዛላችሁ፤ የመጀመሪያውን የሕግ ጥናታችሁንም በራሳችሁ ጉዳይ ላይ ሠራችሁ ማለት ነው። በሚቀጥለው መንፈቅ ዓመት ስለ ዳኝነት (አዋጅ ቁጥር 1233/2013 የፌዴራል ዳኝነት አስተዳደርን ይመለከታል) እና ስለ ዐቃቤ ሕግነት ተመሳሳይ ገጽ ጻፉ።

ችሎት ተቀመጡ

ከዚህ መመሪያ አንዱን ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህንን ውሰዱ። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው ጉዳዩ በግልጽ ችሎት የመሰማት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በዝግ የሚታዩት ልዩ ምክንያት ያላቸው ናቸው። ስለዚህ ገብቶ ለመቀመጥ ከዩኒቨርሲቲ የድጋፍ ደብዳቤ አያስፈልግም፤ ለችሎቱ ሠራተኛ ሰላምታ ሰጥቶ «የሕግ ተማሪ ነኝ፣ ለመከታተል ነው የመጣሁት» ማለት ይበቃል። አዲስ አበባ ያላችሁ ልደታ ካለው ፍርድ ቤት ጀምሩ፤ በክልል ያላችሁ ደግሞ የወረዳ ፍርድ ቤታችሁን አትናቁ። እዚያ አዳራሹ ጠባብ ነው፣ ክርክሩ በደንብ ይሰማል፣ ዳኛውም ከችሎት በኋላ «አንተ ማን ነህ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ያ ጥያቄ ዕድል ነው።

ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት ድረሱ። ስልክ ዝጉ፣ የዕለቱ መዝገቦች ዝርዝር ተለጥፎ ከሆነ አንብቡት፣ ከኋላ ተቀመጡ። ነሐሴ ከገባ በኋላ አትሂዱ፤ ፍርድ ቤቶች ዕረፍት ስለሚወጡ የምታገኙት ተረኛ ችሎት ነው። ሐምሌ ግን ጥሩ ነው።

የምታዩት ነገር ከፊልሙ ጋር አይገናኝም። መዝገብ ይጠራል፤ ከሳሽ ቀርቧል፣ ተከሳሽ መጥሪያ አልደረሰውም፤ ለሌላ ቀን ይቀጠራል። ሦስት ደቂቃ አልሞላም። ቀጣዩ መዝገብ፦ ተከሳሽ የመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ አቅርቧል፤ ለብይን። ቀጣዩ፦ የባለሙያ ሪፖርት እስኪመጣ። ከዚያ ድንገት ምስክር የሚሰማበት መዝገብ ይመጣና ክፍሉ ይነቃል። ምስክሩ መሐላ ይፈጽማል፣ ጠበቃው ሦስት ጥሩ ጥያቄ ይጠይቃል፣ አራተኛውን ባይጠይቅ ይሻለው ነበር፤ ምስክሩ ነገሩን በዝርዝር ያብራራና የከሳሽን ጉዳይ ያጠናክረዋል። መስቀለኛ ጥያቄ መቼ እንደሚቆም ከየትኛውም መጽሐፍ ይልቅ እዚያች ወንበር ላይ ይገባችኋል።

ደብተራችሁን በአራት ዓምድ ክፈሉ፦ የጉዳዩ ዓይነት፣ የደረሰበት ደረጃ፣ ዛሬ የሆነው፣ ለምን እንደተቀጠረ። ጥቂት ጠዋቶች ከተቀመጣችሁ በኋላ አራተኛውን ዓምድ ብቻ ከላይ እስከ ታች አንብቡ። አድራሻ ተሳስቷል፣ ማስረጃ አልተያያዘም፣ የውክልና ሥልጣን ማስረጃ አልቀረበም፣ ክሱ ይሻሻል ተብሏል። ብዙ ሰው ችሎት የሚመላለሰው ከባድ የሕግ ጭብጥ ስላለ አይደለም፤ አንድ ወረቀት በሰዓቱ ስላልቀረበ ነው። ጥንቃቄ ያለው ሰው በዚህ ሙያ ለምን እንደሚፈለግ ዓምዱ ይነግራችኋል።

ባትስቁብኝ አምስተኛ ዓምድም ጨምሩ እላለሁ፦ የራሳችሁ ስሜት። ሰዓቱ የት ሄደ ያሰኛችሁ የቤተሰብ ችሎት ነው፣ የሥራ ክርክር፣ የንግድ ወይስ የወንጀል? ዓይናችሁ በጠበቃው ላይ ነበር፣ በዐቃቤ ሕጉ ወይስ በዳኛው ላይ? ያዛጋችሁበትንም ሳታፍሩ ጻፉት። ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ኋላ ብታነቡት «ዳኛ ወይስ ጠበቃ» ለሚለው ጥያቄ ከአጎታችሁ የተሻለ መልስ እዚያ ታገኛላችሁ።

ሥራዎቹን በውሏቸው ለዩ

ዳኝነት ከሩቅ ክብሩ ይታያል። ከቅርብ ሲታይ ብዙው ማንበብና መጻፍ ነው፤ ችሎት የተሰማውን ከሰዓት በኋላ ጽፎ ማሳደር። ትንሽ ከተማ ውስጥ ደግሞ ብቸኝነት አለበት፤ ከማን ጋር ቡና እንደጠጣችሁ የሚቆጥር ተከራካሪ አይጠፋም። ሰው ሳይወዳቸው ውሎ ማደር የሚከብዳቸው ይህን አስቀድመው ቢያስቡበት ጥሩ ነው። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ያለው የረዳት ዳኛ የሥራ መደብ ለመግቢያ የሚታሰብ ነው፤ መዝገብ ማጥናትና ሕግ መፈለግ የሚወድ ተማሪ ማስታወቂያውን ይከታተል።

ዐቃቤ ሕግ ማለት በብዙ ሰው ዘንድ ችሎት ቆሞ የሚሟገት ነው። የሥራው ልብ ግን ከዚያ በፊት ነው፦ ከፖሊስ የመጣውን የምርመራ መዝገብ አንብቦ ክስ ይመሥረት፣ ተጨማሪ ምርመራ ይካሄድ ወይስ መዝገቡ ይዘጋ ብሎ መወሰን። አንድ ሰው ይከሰስ አይከሰስ የሚለው በእናንተ ፊርማ ነው። በወጣት ምሩቅ ትከሻ ላይ ይህን ያህል ሥልጣን በቶሎ የሚጭን ሌላ ሥራ አላውቅም። በፌዴራል ደረጃ ዐቃቤ ሕጎች የሚሠሩት በፍትሕ ሚኒስቴር ሥር ነው፤ ተቋሙ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ይባል ነበር። በክልል የምትመደቡ ከሆነ መጀመሪያ የምታገኙት ወረዳ ሩቅ ሊሆን እንደሚችል ከቤተሰብ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከክሱ ማዶ የሚቆመው የተከላካይ ጠበቃ ነው። የመክፈል አቅም ለሌለው ተከሳሽ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ሕገ መንግሥቱ ስለሚያዝ፣ በጠቅላይ ፍርድ ቤት ሥር የተከላካይ ጠበቆች ጽሕፈት ቤት አለ። የወንጀል ክርክርን በእጅ ለመማር ከዚህ የሚበልጥ ቦታ ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ተማሪዎች ግን ስሙን እንኳ የሚሰሙት ዘግይተው ነው።

አሁን ወደ ተረሳው ሥራ እንምጣ፦ ነገረ ፈጅ። ባንክ፣ ኢንሹራንስ፣ የመንግሥት ልማት ድርጅት፣ ዩኒቨርሲቲ፣ ትልቅ የግል ኩባንያ ሁሉ የሕግ አገልግሎት ክፍል አላቸው። የባንክ ነገረ ፈጅ ጠዋት ምን ይገጥመዋል? አንዲት እናት የሟች ባለቤታቸውን ሒሳብ ለማውጣት የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። ስሙ በሒሳብ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል ይለያያል። ከወራሾቹ አንዱ ለአካለ መጠን አልደረሰም። ቅርንጫፉ «ይከፈል ወይስ አይከፈል?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱ እስከ ከሰዓት መድረስ አለበት። ያ ከማለቁ በፊት ብድሩን ያልመለሰ ነጋዴ መያዣ ቤት አለ፤ ባንኮች ያለ ፍርድ ቤት መያዣን በሐራጅ እንዲሸጡ የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 97/1990 ከጠረጴዛው አይጠፋም። የማስጠንቀቂያው ደብዳቤ በትክክል ደርሶታል? ሐራጁ በጋዜጣ ወጥቷል? አንዱ ከተዛነፈ ክሱ ወደ ባንኩ ይዞራል። የቤተሰብ፣ የውርስ፣ የውል፣ የንብረትና የሥነ ሥርዓት ሕግ በአንድ ጠዋት ይሰበሰባሉ። ስም የለሽ ሥራ ነው፤ ትምህርቱ ግን ብዙ ነው፣ ሰዓቱም ከጥብቅና ይልቅ የታወቀ ነው።

የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ አገልግሎትም እንዲሁ። ከዋሽንግተን ወይም ከጅዳ በኤምባሲ በኩል የተላከ ውክልና ቤት ለመሸጥ ይበቃል ወይ የሚለውን በየቀኑ የሚመልሱት የሕግ ባለሙያዎች ናቸው። አንዲት የጎደለች ሐረግ ባለጉዳዩን ውክልናውን እንደገና እንዲያስልክ ታደርገዋለች።

ከዚህ ሌላ የሰብአዊ መብት ሥራ አለ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና መሰሎቻቸው። ለዚህ ጥሩ እንግሊዝኛ፣ ከተበዳይ ጋር በትዕግሥት መነጋገር፣ ያዩትን ሳያጋንኑ መጻፍ ያስፈልጋል። መምህርነት፣ የሕግ ረቂቅ ዝግጅት፣ የግብር ጉዳይ፣ የሠራተኛ ማኅበር አማካሪነት አሉ፤ ለእያንዳንዳቸው የሚሠራውን ሰው ፈልጋችሁ «ትናንት ምን ሠሩ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ሥራው እንዴት ነው?» ብትሉ የምታገኙት የተለመደ ወሬ ነው።

በሥራው ቋንቋ ጻፉ

የሕግ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው፤ ፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሠራው በአማርኛ ነው፤ ክልሎች ደግሞ በየሥራ ቋንቋቸው። ውጤቱ ምን ይመስላል? ስለ ውል መፍረስ በእንግሊዝኛ ሃያ ገጽ የጻፈ ምሩቅ፣ አንድ ገጽ የክስ አቤቱታ በአማርኛ ጻፍ ሲባል እጁ ይተሳሰራል። ቀጣሪዎች በጀማሪ ላይ የሚያማርሩት መጀመሪያ በዚህ ነው። ኦሮሚያ ውስጥ ልትሠሩ ካሰባችሁ አፋን ኦሮሞ፣ ትግራይ ከሆነ ትግርኛ ላይ ይህንኑ አድርጉ።

በሁለተኛ ዓመት ይህን ሞክሩ። በሰፈራችሁ የተለመደ ችግር ውሰዱ፦ አንድ ሰው ለጓደኛው 80,000 ብር በቃል አበድሯል፣ ጓደኛው ካደ። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ክፈቱ። ቁጥር 2472 ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ነው ይላል። ሕጉ የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው፤ 500 ብሩ ግን እስካሁን እዚያው ተቀምጧል። አሁን እውነተኛው ሥራ ይጀምራል። ገንዘቡ በባንክ ተላልፎ ከሆነ ማስተላለፊያው ደረሰኝ «ጽሑፍ» ነው? በስልክ የተላከ «እከፍልሃለሁ» የሚል መልእክትስ? የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በበታች ፍርድ ቤቶች ላይ አስገዳጅ ስለሆነ፣ የሰበር ውሳኔዎችን ቅጾች ፈትሹ። ከዚያ ሁለት ነገር ጻፉ፦ ለአበዳሪው የሚሰጥ የአንድ ገጽ የሕግ አስተያየት፣ ሕግ ያልተማረ ሰው በሚገባው አማርኛ፤ ቀጥሎ የክስ አቤቱታ።

አቤቱታው ቅርጽ አለው። ቀን፣ የፍርድ ቤቱ ስም፣ ከሳሽና ተከሳሽ ከነአድራሻቸው፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 222 መሠረት የቀረበ ክስ መሆኑ፣ የክሱ ምክንያት በተራ ቁጥር፣ የሚጠየቀው ዳኝነት፣ በቁጥር 223 መሠረት የማስረጃ ዝርዝር፣ በመጨረሻም በቁጥር 92 መሠረት እውነት መሆኑን ማረጋገጥ። ለጀማሪ የሚከብደው «የሚጠየቀው ዳኝነት» ነው። ብዙው ሰው በደሉን ሦስት ገጽ ያወራና ከፍርድ ቤቱ የሚፈልገውን ሳይናገር ይጨርሳል። ያልጠየቃችሁትን ዳኛ አይሰጣችሁም፤ ስለዚህ ከዚያ ክፍል ጀምራችሁ ወደ ላይ ጻፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህ ልምምድ ነው። ፈቃድ ሳይኖራችሁ ለጎረቤት ክስ ጽፋችሁ ገንዘብ አትቀበሉ፤ የምታስቡትን ሙያ ከመጀመራችሁ በፊት ልታበላሹት ትችላላችሁ። እውነተኛ ባለጉዳይ ከመጣ ወደ ዩኒቨርሲቲያችሁ ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ምሩት። ቀነ ገደብ ያለበትን ጉዳይ ደግሞ «ነገ እናየዋለን» አትበሉ። ያለ አግባብ የተባረረ ሠራተኛ ወደ ሥራው ልመለስ ብሎ የሚከሰው በ3 ወር ውስጥ ነው፤ በአራተኛው ወር ምንም ያህል ብታዝኑለት ዘግይቷል።

አንድ ተራ የሚመስል ነገር ልጨምር፦ የአማርኛ ትየባ ተማሩ። ፓወር ግዕዝም ይሁን ሌላ፣ እጃችሁ ፊደል ሳይፈልግ እስኪጽፍ ድረስ። የመጀመሪያው የቢሮ ቀናችሁ ላይ ሰው የሚያየው ይህንኑ ነው።

ሰው ጠይቁ፣ በአግባቡ

አንጋፋ የሕግ ባለሙያዎች ተማሪ መርዳት አይጠሉም፤ የሚጠሉት «ምክር ይስጡኝ» የሚል ዳር ድንበር የሌለው መልእክት ነው። እንዲህ ያለው ይሻላል፦

«ጤና ይስጥልኝ ወይዘሮ እገሊት። የሦስተኛ ዓመት የሕግ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሳምንት በሥራ ክርክር ችሎት ሲከራከሩ ከኋላ ተቀምጬ ስከታተል ነበር። ተከሳሹ ድርጅት ያቀረበውን የይርጋ መቃወሚያ እንዴት እንደመለሱት ጥያቄ አለኝ። በሚመችዎት ቀን 15 ደቂቃ ቢሰጡኝ ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ልጠይቅዎት እችላለሁ። ካልተመቸዎትም እረዳለሁ፤ አመሰግናለሁ።»

ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉና ስንት ደቂቃ እንደሆነ አለበት። ሥራ አትጠይቁ። ስትሄዱ ደብተር ያዙ፣ በ15ኛው ደቂቃ ራሳችሁ ተነሱ። ከሁለት ወር በኋላ «እንደነገሩኝ ያንን የሰበር ውሳኔ አንብቤ ይህን ጻፍኩ» ብላችሁ አንድ ገጽ ብትልኩ፣ በሚቀጥለው ክረምት «ና እስቲ ፋይል አደራጅልኝ» ሊባል ይችላል። በሬዲዮና በጋዜጣ ላይ ከማይወጣው የጀማሪ ሥራ ብዙው የሚገኘው በዚህ መንገድ ነው። ዘመድ ያለው ይቀድማል የሚል ቅሬታ እውነት አለው፤ ዘመድ የሌለው ተማሪ ግን በሥራው የሚታወቅበት መንገድ ይህ ነው።

ምስለ ችሎት፣ ነጻ የሕግ ድጋፍ፣ ኤክስተርንሺፕ

በምስለ ችሎት ተሳተፉ፤ ለዋንጫው አይደለም፣ የጽሑፍ ክርክር አዘጋጅታችሁ ሰው እንዲያርምላችሁ ስለሚያስገድዳችሁ ነው። ወደ አህጉር አቀፉ የአፍሪካ ሰብአዊ መብቶች ምስለ ችሎት የሚያልፍ ቡድን ውስጥ ከገባችሁ ደግሞ ከሌሎች አገሮች ተማሪዎች ጋር ትገናኛላችሁ። አፈራችሁ? ጸሐፊ ሆናችሁ ግቡ፤ እያንዳንዱ ቡድን የሚያነብ ሰው ይፈልጋል።

ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከል ውስጥ የምታገኙት ባለጉዳይ ነገሩን ከመሐሉ ነው የሚጀምረው፤ ከሠርጉ፣ ከጠቡ፣ ከወንድሙ ሚስት። የእናንተ ሥራ ሳታቋርጡ ሰምታችሁ ሦስት ነገር ማውጣት ነው፦ ማን፣ መቼ፣ በምን ወረቀት። ይህን ችሎታ ክፍል ውስጥ አታገኙትም።

ኤክስተርንሺፕ ሲደርስ ብዙው ተማሪ ቤቱ አጠገብ ያለውን ወይም የማይጠይቀውን መሥሪያ ቤት ይመርጣል። እኔ የምመክረው ካሰባችሁት ሙያ ማዶ ወዳለው ቦታ እንድትሄዱ ነው፤ ጠበቃ ለመሆን ያሰበ ወደ ዐቃቤ ሕግ ቢሮ፣ ዳኝነት ያሰበ ወደ ባንክ ነገረ ፈጅ። የሌላውን ወገን ሥራ ከውስጥ የምታዩበት አጋጣሚ ከምረቃ በኋላ እምብዛም አይመጣም። እዚያም ፎቶ ኮፒ አንሺ ሆናችሁ እንዳትቀሩ በመጀመሪያው ሳምንት ተቆጣጣሪያችሁን «የተዘጋ መዝገብ ላይ አስተያየት ጽፌ ላሳይዎት?» ብላችሁ ጠይቁ። የተዘጋ መዝገብ ስለሆነ ብትሳሳቱ ማንም አይጎዳም፤ እሳቸውም ውጤቱን ስለሚያውቁ ማረም ይቀላቸዋል። የምትጽፉት ማስታወሻ ላይ የባለጉዳይ ስም አይግባ።

ስለ ነጥብና ስለ ፈተና፣ በአጭሩ

ነጥባችሁ ዝቅ ካለ መምህርነትና የውጭ ስኮላርሺፕ ይርቃሉ፤ ጥብቅናና ነገረ ፈጅነት ግን አይዘጉም። የመውጫ ፈተና ለሁሉም የትምህርት ዘርፍ ከመምጣቱ ከዓመታት በፊት የሕግ ተማሪዎች ይፈተኑት ነበር፤ የማለፊያው ነጥብ 50 በመቶ ነው። የሚያስጨንቀው መጨረሻ ላይ አምስት ዓመቱን አንድ ላይ ለሚያጠና ነው። የእያንዳንዱን ኮርስ ማጠቃለያ በወሰዳችሁበት መንፈቅ ዓመት በሁለት ገጽ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ሌላው ወሬ ነው።

ወደ አዳዲስ ዘርፎች አትሩጡ፣ አትናቋቸውም

በ2013 ዓ.ም. ብቻ አዲስ የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243)፣ የካፒታል ገበያ አዋጅ (1248) እና የግልግል ዳኝነትና የዕርቅ አሠራር አዋጅ (1237) ወጥተዋል። በ2016 የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ተከተለ፤ ከዚያ በኋላ የባንኩ ዘርፍም ለውጭ ባለሀብት ተከፍቷል። እነዚህ ሥራ ይዘው ይመጣሉ፤ አንጋፋዎቹም ከእናንተ እኩል አዲስ ስለሆኑባቸው ወጣት ቶሎ ሊታወቅባቸው ይችላል። የፍርድ ቤቱን ደጅ የሚያጨናንቁት ግን አሁንም ቤት፣ መሬት፣ ውርስ፣ ፍቺ፣ ብድርና የሥራ ክርክር ናቸው። ውልና ሥነ ሥርዓት በቅጡ ያላወቀ ሰው ስለ ካፒታል ገበያ ቢያወራ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይቆማል። ስለዚህ ከአዲሶቹ አንዱን ብቻ ምረጡ፣ አዋጁን ሙሉ አንብቡ፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁን በሱ ላይ ሥሩ። ለቃለ መጠይቅ ስትቀርቡ የምታሳዩት ይህ ይሆናል።

ውጭ አገር የሚያስቡም አሉ። አሜሪካ ውስጥ ኒውዮርክን የመሰሉ ግዛቶች ከውጭ የተመረቀ ሰው መስፈርቱን አሟልቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ማስተርስ ተምሮ፣ የጥብቅና ፈተና እንዲወስድ ይፈቅዳሉ። ወጪው ከባድ ነው፤ ከኢትዮጵያ ሕግ ዕውቀታችሁም ብዙው እዚያ አይከተላችሁም። ስኮላርሺፕ ካለ በደቡብ አፍሪካው ፕሪቶሪያ ዩኒቨርሲቲ እንደሚሰጠው የሰብአዊ መብቶች ማስተርስ ያለ፣ ከአፍሪካ ሳያስወጣ የሚያስተምር ፕሮግራም ቀድማችሁ ተመልከቱ።

የመጀመሪያው ሥራ

ምርቃት ላይ የፈለጋችሁትን ላታገኙ ትችላላችሁ። የመጀመሪያውን ሥራ ስትመዝኑ ከደመወዙ ቀጥሎ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ የምጽፈውን የሚያርም ሰው አለ ወይ? የምሠራውስ ለጥብቅና ፈቃድም ሆነ ለሌላ ቦታ ሲቀርብ እንደ ሕግ ሥራ የሚቆጠር ነው ወይ? የሥራ መደቡ «የአስተዳደር ባለሙያ» ተብሎ ውስጡ የሕግ ሥራ ከሆነ፣ ቅጥሩ ላይ ስሙ እንዲስተካከል በጨዋነት ተከራከሩ። ያኔ የማይስተካከል በኋላ አይስተካከልም።

ስትለቁ ደግሞ የሥራ ልምድ ደብዳቤውን በእጃችሁ ሳትይዙ አትውጡ። የገባችሁበትና የለቀቃችሁበት ቀን፣ የሥራ መደቡ ስም፣ ደመወዙ፣ የሥራ ግብር መከፈሉ፣ ፊርማና ማኅተም ይኑረው። ከግል ድርጅት ከሆነ የግብሩ ጉዳይ ሳይጻፍ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቀበለውም። ዋናውን አስቀምጡ፣ ለሁሉም ኮፒ ስጡ፣ በስልካችሁም ፎቶ አንሱት፤ ድርጅቱ ተዘግቶ የሚፈርም ሰው ሲጠፋ ያንን ወረቀት ከየትም አታመጡትም።